የእትዬ እጅና የሊቲየም ክኒን

አባባ ደም ግፊታቸው ጣሪያ ነክቶ ጨው እንዲቀንሱ በታዘዙ ማግስት፣ እኔ ቤቱን ሁሉ ጨው አስተውኩት። ማንም አላዘዘኝም። ግን ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ሐኪም አንድ ቃል ሲናገር የቀረውን ዘጠኝ ቃል መጨመር የእኔ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐኪሙ ያሉት «ይቀንሱ» ነው። ቤት እስክንደርስ «ይጥፋ» ሆነ። ከአንድ ድስት እየበላን ሽማግሌውን ለብቻቸው ጨው የሌለው ሾርባ ማስጠጣት ነውር ነው ብዬ ንግግር አደረግሁ፤ የጨው ዕቃውን ከነክዳኑ ወስጄ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ የኩሽናው በር ላይም «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጨው የለም። ለአባባ ስንል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ከሥሩ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ማኅተም ቢኖረኝ እመታበት ነበር።

አዋጁ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። እማዬ ሾርባውን ቀምሳ «ቀለል ይላል» አለች። የአባባ ታናሽ እህት፣ ከመንገዱ ማዶ እየኖረች ምሳዋን እኛ ቤት የምትበላው አክስቴ፣ ዱሮም ጨው እንደማትወድ ተናገረች፤ ይህን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱት አባባ ሳህናቸውን የስንብት ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው ለረጅም ጊዜ አዩትና ማንኪያቸውን አነሡ። እትዬ ብቻ ምንም አላለችም። ሳህኗን ጥርግ አድርጋ በላች፣ ተነሥታ አጠበችው፣ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ሥራዋ ታፔላ መጻፍ ነው፤ ያውም በእጅ። ታፔላ የተባለ ሁሉ ከማሽን እንደ ሶፍት እየተተረተረ በሚወጣበት ዘመን፣ እሷ አሁንም መሰላል ላይ ወጥታ፣ በግራ እጇ ጫፉ ጨርቅ የተጠቀለለበትን ዘንግ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቀኝ እጇን ዘንጉ ላይ አሳርፋ፣ ፊደል በፊደል ትጽፋለች። የ«ሐ» ሦስት እግሮች እኩል ካልረገጡ ቃሉ በሙሉ ያነክሳል ባይ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው ጫፍ ያለ ሱቅ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢኮራ፣ ስሙን ያቆመችለት እትዬ ናት።

እና እትዬ ሊቲየም የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ትወስዳለች። ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። በየቀኑ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፤ እንግዳ ቢኖርም ሁለት ሰዓት፣ መብራት ቢጠፋም ሁለት ሰዓት።

ከሊቲየም በፊት የነበረችውን እትዬን ለማያውቃት ማስረዳት ይከብዳል። ለሚያውቃት ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቤቱ ላይ ጽፋበታለችና። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አምስት ቀን ዓይኗን ሳትከድን ሰነበተች። መጀመሪያ ፍሪጁ ላይ «ፍሪጅ» ብላ ጻፈች። እኛም ትክክል ነው ብለን አለፍነው። ቀጥላ ወንበሮቹን፣ ቀጥላ የአባባን ጫማዎች «ቀኝ» እና «ግራ» እያለች፣ ቀጥላ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር። በአምስተኛው ቀን የጎረቤታችንን የጡረተኛውን ዳኛ ነጭ መኪና አገኘችው። ጎኑ ላይ፣ ከፊት በር እስከ ኋላ በር፣ «ይህ መኪና ምሕረት ተደርጎለታል» ብላ ጻፈችበት። ዳኛው በቁጣ ወጡ፣ አነበቡት፣ ዞረው እንደገና አነበቡት። ፊደሉ ከማማሩ የተነሣ ለማስጠፋት ሁለት ሳምንት አመነቱ።

ስቀናል፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረበትም። እትዬ አሥራ አንድ ሳምንት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እማዬ ብሩሾቿን ሰብስባ ደበቀች፤ ከብሩሾቹ ጋር ሌላ ሌላም ነገር ሰብስባ ደብቃለች፤ ምን ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ በቤታችን አይወራም።

ያወጣት ሊቲየም ነው። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ተነሥታ ተቀመጠች። በሳምንቱ ጸጉሯን ታጠበች። በወሩ «ብሩሾቼን የት አደረሳችሁብኝ?» አለች፤ እማዬም ሮጣ ኩሽና ገብታ አለቀሰች።

መድኃኒቱ ታዲያ ብቻውን አልመጣም፤ ጓዙን ጠቅልሎ ነው የገባው። አንዱ ጥማት ነው። ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ከእሷ ጋር ይውላል፣ ከእሷ ጋር ያድራል። የተጠጣው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል፤ በከተማው ያለውን መጸዳጃ ቤት እንደ እሷ የሚያውቅ የለም፤ የትኛው ቁልፍ ጥበቃው ኪስ ውስጥ እንደሚውል፣ የትኛው ሳሙና እንዳለው፣ የትኛው በር በእግር ካልተያዘ እንደሚከፈት። ባንኩ ውስጥ «ለሠራተኞች ብቻ» የሚለውን ታፔላ የጻፈችው እሷ ናት፤ ስትዋዋል ያስገባችው አንድ ቅድመ ሁኔታ ታፔላው እሷን እንዳይመለከት ነው። አፏ ውስጥ ቁልፍ እንደያዘ ሰው የብረት ጣዕም ይሰማታል። አሥራ ሁለት ኪሎ ጨምራለች፤ አክስቴ «ተስማምቶሻል» ስትላት «እስቲ መሰላሉን ጠይቂው» ትላታለች። በየሦስት ወሩ ለደም ምርመራ ትሄዳለች፤ የሊቲየሙ መጠን፣ ኩላሊቱ፣ የአንገቷ ዕጢ ይታያል። ላቦራቶሪው ውስጥ ክንዷን ዘርግታ፣ «ከዚህኛው ሥር ቅዱ፣ ያኛው ኩሩ ነው» እያለች ትመራቸዋለች።

እና እጇ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ነው፤ ብርጭቆ ስትይዝ ብርጭቆውና ማስቀመጫው እንዲንሾካሾኩ የሚያደርግ ያህል። ለእኔ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ፊርማ ነው የማኖረው፣ ፊርማ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ያስከብራል። ታፔላ ጸሐፊ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ ማለት ዘፋኝ ድምፁ ተዘጋ ማለት ነው። ሌላው ሰው ወይ መድኃኒቱን ይተው ነበር፣ ወይ ሥራውን። እትዬ ሁለቱንም አልተወችም። ጸጉሩ ረዘም ያለ ብሩሽ ገዛች፤ ረጅሙ ጸጉር የእጅን ንዝረት መንገድ ላይ ያስቀረዋል። መስመር የምትስበው ትንፋሿን ስታወጣ ብቻ ሆነ። ከሥራ በፊት ቡና ተወች። በየጠዋቱም መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ፣ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ በቀጭን ብሩሽ አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ትስባለች፤ ከጎኑ ቀኑን ትጽፋለች፤ ደብተሩን ትዘጋለች። በቃ። ብሩሾቿ ከተመለሱላት ቀን አንሥቶ አንድም ቀን አላለፋትም። አንድ ጊዜ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የአየር ጠባይ ትንበያ» አለችኝ።

በዚያ ዓመት የሕይወቷን ትልቁን ሥራ ይዛ ነበር። አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤት ስሙ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ እንዲጻፍ ፈለገ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። ማተሚያ ቤቶች በፕላስቲክ እንሥራላችሁ እያሉ ደጅ ጠንተዋል። ርዕሰ መምህሩ ግን ልጆቹ ፊደል በሰው እጅ እንደሚጻፍ ይዩ ብሎ ለእትዬ ሰጣት። ሥራው ሊጀመር ስምንት ሳምንት ሲቀረው ነው እንግዲህ እኔ ጨውን የቆለፍኩት።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ሻይ ማፍሰስ ጀመረች። ወሩ ሙቀት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ስለምትውል ድካም ነው አልን። ቀጥሎ ሆዷ ተበላሸ፤ አክስቴ የቧንቧውን ውኃ ከሰሰች። ቀጥሎ የመነጽር ቤቱ ታፔላ መጣ። ጽሑፉ «ዓይንዎ ደህና ነው?» ይላል። ፊደሎቹ በሙሉ፣ ጥያቄ ምልክቱ ሳይቀር፣ ዳር ዳራቸው እየተርገበገበ ወጣ። እትዬ ፍቄ እንደገና ልጻፈው ስትል የመነጽር ቤቱ ባለቤት እንዳይነካ ብሎ መሰላሉ ሥር ቆመ። ያነበበው ሁሉ ዓይኑን እያሸ ወደ ውስጥ እየገባለት ነበር፤ በሁለት ቀን ስምንት ሰው። ታሪኩን ለቤተሰቡ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ሳቁ። እትዬ አልሳቀችም። የዚያን ቀን ብሩሿን ሳታጥብ ገብታ ነበር፤ ቀለሙ ደርቆበታል። ብሩሽ ሳታጥብ የገባችበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ እሷ በሌለችበት፣ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ አክስቴ ነበረች። አክስቴ መድኃኒት ማለት ወይ የሚያድን ወይ የሚገድል መሆን አለበት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ያላደረገ ነገር ምኑ መድኃኒት ነው ስትል ጠየቀች። እማዬ ልጄ በእጇ የምታድር ሰው ናት፣ እጇ ከሄደ ምኗ ይቀራል አለች። እኔ ወረቀት በሁለት ዓምድ ከፍዬ፣ በግራ ጥቅሙን በቀኝ ጉዳቱን ጻፍኩ፤ የቀኙ ረዘመ፤ በሳይንሳዊ መንገድ ተረጋገጠ ማለት ነው። አባባ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። መድኃኒቱ ይተው የሚለው በሦስት ድምፅ አለፈ፤ ነጋሪው ደግሞ የተማረው ይሁን ተባለ።

እትዬ የምትሠራው ከግቢው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ስገባ ቆርቆሮ ላይ ቀለም እየበጠበጠች ነበር፤ መበጥበጫው ከቆርቆሮው ጋር እንደ ደወል ይጋጫል። ውሳኔውን በክብር አነበብኩላት። ሁለቱን ዓምዶችም አሳየኋት። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሊቁ» አለችኝ፤ ቤት ውስጥ ስሜ ይሄ ነው፤ አንዳንዴ ለሙገሳ ይመስለኛል። «ሳልወስደው በፊት እጄ ቀጥ ያለ ነበር፤ እውነትህን ነው። የዳኛው መኪና ላይ አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። ቀጥ ባለ እጅ ምን እንደጻፍኩ ታስታውሳለህ?»

ወረቀቴን ለሁለት አጠፍኩት።

«ከዚያ በኋላ የተኛሁትንስ?»

መበጥበጫውን በሁለት እጇ ይዛ ጸጥ አሰኘችው።

«ጉባኤውን አመስግንልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ እኔን በሙሉ ልታንቀጠቅጡኝ አትችሉም በላቸው።»

ያለችውን ቃል በቃል አደረስኩ። አክስቴ ይሄ ራሱ የመድኃኒቱ ንግግር ነው አለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ከክፍሏ ጠራችኝ። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የዕለቱ መስመር መስመር አልነበረም፤ የመጋዝ ጥርስ ነው። ስትነሣ እግሮቿን አራርቃ፣ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው ግድግዳውን ይዛ ነው የተነሣችው። አፏም ቃላቱን አልጨርስ አላት፤ ምላሷ የወፈረ ይመስል ነበር።

«ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የእኔን እጅ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ዶክተር ጋ ውሰደኝ። ደብተሮቹንም ያዝልኝ።»

እኔ በደረት ኪሴ የሁለት ዓምዱን ወረቀት ይዤ ነው የሄድኩት፤ ዶክተሯ ካዩት እንደሚያሳምናቸው አልተጠራጠርኩም። እሷ አሥራ አራት ደብተር አስይዛኛለች።

ዶክተሯ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። እትዬን ሲያስነሡና ሲያስኬዱ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ደም ወዲያው እንዲቀዳና ውጤቱ በሰው እጅ እንዲመጣ ሲያዝዙ ግን ነርሷ ስትሮጥ አየሁ። ከዚያ ጠየቁ። አዲስ መድኃኒት? የለም። ማስታገሻ? የለም። ክኒን ደርባ ውጣ ይሆን? እትዬ በደከመ ዓይኗ አየቻቸውና ጥያቄው እንደ ስድብ ቀረ። ምግብስ?

«ቤት የሚበላውን ነው» አለች እትዬ።

«ምግባችንማ እንዲያውም ተስተካክሏል» አልኩ እኔ።

ዶክተሯ ደብተሮቹን ከፈቱ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ደብተር የሚገልጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰባት ዓመት መስመር፤ ገጽ በገጽ፣ ቀጭን፣ ውኃ ላይ ንፋስ ሲነካው እንደሚሸበሸበው ያህል የተሸበሸበ፣ ግን ከዳር ተነሥቶ ዳር የሚደርስ። አባባ የታመሙ ቀን አለ። አያታችን የተቀበሩ ቀን አለ። እኔ የተመረቅሁ ቀንም አለ፤ ከሁሉም ቀደም ብላ ተነሥታ መስመሯን ስባ ነው ያጨበጨበችልኝ። አንዱንም አልዘለለችም። እኔ በዚያው ሰባት ዓመት ውስጥ ስፖርት አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ተውኩ።

የመጨረሻው ደብተር መካከል ላይ ሲደርሱ ዶክተሯ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያች ገጽ ጀምሮ ሽብሽቡ ያድጋል፤ በየቀኑ ትንሽ፣ በየቀኑ ትንሽ።

«እዚህ ሳምንት ላይ ምን ተለወጠ?»

ቀኑን አየሁት። የማውቀው ቀን ነው። ፈርሜበታለሁ።

«ጨው» አልኩ። «ጨው ተውን።»

«ማን ተወ?»

«ቤቱ በሙሉ። እኔ ነኝ ያስተውኳቸው።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ለቀቁት። ሳይቆጡ ነው ያስረዱኝ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ሊቲየም ራሱ የጨው ወገን ነው። ኩላሊት ጨው ሲያጣበት ይደነግጣል፤ ድርቅ እንደመጣበት ገበሬ ያገኘውን ሁሉ ያጠራቅማል፤ ጨው ብሎ የያዘው ግን አብዛኛው ሊቲየም ነው። በላዩ ላይ የመሰላሉ ላብ አለ፣ የሆዱ መበላሸት አለ። የምትውጠው ክኒን ያው ነው፤ ደሟ ውስጥ የሚቀረው ግን እየበዛ ሄዷል ማለት ነው። ይህን ነግሬሽ ነበር ወይ ብለው እትዬን ጠየቋት።

«ነግረውኛል፤ ያኔ መጀመሪያ። ውኃውን ያዝኩት» አለች። «ጨው ከቤታችን ይጠፋል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ውጤቱ መጣ። ለዓመታት ዜሮ ነጥብ ስምንት ላይ የኖረው ቁጥር ሁለት ነጥብ አንድ ሆኗል። ዶክተሯ ሌላ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ አንዳንዱ ነገር ላይመለስ ይችል ነበር አሉ፤ አረማመዷ፣ አነጋገሯ፣ ኩላሊቷ። እጇን አልጠሩም፤ ሁላችንም ግን እጇን አየን። ከዚያ ሆስፒታል አስተኟት፣ ክኒኑን አቆሙት፣ ክንዷ ላይ መርፌ ሰክተው ከረጢት ሰቀሉላት።

ቤተሰቡ ተጠራርቶ መጣ። አክስቴ ከረጢቱን አይታ ግሉኮሱ ቀስ ብሎ ይግባ አለች። ነርሷም «ግሉኮስ አይደለም እናቴ፣ የጨው ውኃ ነው» አለቻት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ የቆለፍኩበት ነገር በእህቴ ደም ሥር ጠብ፣ ጠብ እያለ ይገባል።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተደርድረን ተቀመጥን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አባባ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ሰደው፣ ክዳን ያለው ትንሽ የክኒን ዕቃ አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከፈትኩት። ጨው ነው።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ» አሉ አባባ፣ ወለሉን እያዩ። «ከጠረጴዛው ሥር ነበር የምነሰንሰው።»

እማዬ መሐረቧን አጣጥፋ ዘረጋች፣ ዘርግታ አጣጠፈች። እሷም ድስቱን ካወጣች በኋላ የድርሻዋን ኩሽና ውስጥ ለብቻ እንደምታጣፍጥ ተናዘዘች፤ ጨው ከጎረቤት ዳኛው ቤት ተበድራ። አክስቴ መጀመሪያ አልተናገረችም፤ ሁላችንም ስናያት ግን ምሳ የምትበላው እቤቷ እንደሆነና እኛ ቤት የምትመጣው ለወጉ መሆኑን አመነች። ተራው ወደ እኔ ደረሰ። ቢሮ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ አንድ ጥቅል ጨው የበዛበት ለውዝ እበላ ነበር። ለውዝ በአዋጁ ውስጥ ስላልተጠቀሰ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ አዋጁን ያከበረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ጤነኞቹ፣ ደጋጎቹ፣ አስተዋዮቹ፣ ጉባኤ ተቀምጠን በድምፅ ብልጫ የወሰንነው፣ አምስት ሳምንት እርስ በርስ ስንዋሽ ከርመናል። የታዘዘችውን ቃል በቃል የፈጸመችው «ታማሚዋ» ናት።

በሦስተኛው ቀን አንደበቷ ሲፈታ ጠየቅኋት። ሾርባው ሳይጥምሽ ለምን ዝም ብለሽ ትበይ ነበር፣ ሰው ትንሽ እንኳ አያጭበረብርም ወይ አልኳት።

«ለአባባ ስንል ብለህ ጽፈህ የለ?» አለችኝ። «እኔ የታዘዝኩትን ዛሬ ልዝለለው ካልኩ የት እንደምደርስ አውቃለሁ ሊቁ። እናንተ አታውቁትም። እናንተማ መዝለል ትችላላችሁ።»

ይህን ስትል ምንም ቅያሜ አልነበራትም። እንደውም የቀናችብን ይመስለኛል።

በስድስተኛው ቀን ዶክተሯ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምርጫውን አቀረቡላት። ደሟ ጠርቷል፤ ኩላሊቷም ደህና ነው። አንደኛው መንገድ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ነው፤ እጅ ላይ የሚለዝብ ዓይነት አለ፣ እጇ እንደ ዱሮው ቀጥ ሊልላት ይችላል፤ ግን ለእሷ ይስማማ አይስማማ የሚታወቀው ተሞክሮ ነው። ሁለተኛው ወደ ሊቲየሙ መመለስ ነው፣ መጠኑ ትንሽ ተቀንሶ፤ ትንሹ ንዝረት ግን አብሮ ይመለሳል፣ ጥማቱም እንዲሁ። የትምህርት ቤቱ ሥራ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እማዬ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አክስቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔ በዚያ ቀን ምንም ዓይነት ወረቀት አልያዝኩም።

እትዬ ቀኝ እጇን አንሥታ መብራቱ ላይ አየችው። ክኒን ካቆመች ስድስት ቀኗ ነው፤ እጁ ጸጥ ብሏል። ጣቶቿን ዘረጋች፣ አጠፈች። ናፍቋት እንደነበር ሁላችንም አየን። አባባ ፊታቸውን አዞሩ።

«ያምራል» አለች። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «የድሮዬን ይመልሱልኝ። በሚንቀጠቀጥ እጅ መጻፍ ተምሬያለሁ። በማላውቀው ጭንቅላት መጻፍ ግን አልሞክርም።»

ዶክተሯ ጻፉላት። ስትወጣ ለአባባ የተለየ ድስት፣ ለሌላው የተለየ ድስት እንዲሆን ያዘዙትን ወረቀት ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ሰጧት፤ ሐኪም ሰው ያውቃል።

ርዕሰ መምህሩ የቀጠሮው ቀን ጠዋት እትዬን፣ አባባንና እኔን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀን። በብብቱ ረጅም ጥቅል ይዟል፤ ማተሚያ ቤቱ የላከለት የፕላስቲክ ናሙና ነው። እትዬ መታመሟን ሰምቶ ለማንኛውም ብሎ ነው፤ ሰው አይፈረድበትም። እሷ ቀለሙን ወደ ትንሹ ቆርቆሮ ስትገለብጥ የቀለሙ ክር ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ አየ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ስለ እጇ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ኩላሊት ማብራራት ጀመርኩ።

«መምህር» አለች እትዬ መሰላሉ ላይ ሆና፣ ሳትዞር። «እጄን ይተዉትና ፊደሉን ይዩ።»

ዘንጓን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ብሩሹ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከታች ሆኜ አየዋለሁ። ብሩሹን ግድግዳው ላይ አሳረፈችው። ትከሻዋ ወጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከትከሻዋ ጋር ትንፋሿ ወጣ፣ ከትንፋሿ ጋር መስመሩ ወረደ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሳይቆም፣ ሳይቸኩል። ርዕሰ መምህሩ ጥቅሉን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረው። ሁለተኛውን እግር ስትስብ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሦስተኛውን ስትጨርስ ረስቶት ነበር።

አራት ጊዜ ወረደች፣ አራት ጊዜ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ከጥበቃው ወሰደች፣ አራት ጊዜ ተመልሳ ወጣች፤ መስመሩን የተወችበትንና መልሳ የቀጠለችበትን መገናኛ ግን እኔ ፊደሉን ባየው ባየው ማግኘት አልቻልኩም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከሩቅ እንዳየው ወደ መንገዱ ማዶ ላከችኝ። ከዚያ ሆኜ ሳይ እትዬ ትንሽ ናት፤ ፊደሎቹ ከእሷ ይበልጣሉ፤ እግራቸውን እኩል ረግጠው ቆመዋል። እጇ የሚታይበት ርቀት አልነበረም። ደህና ነው ብዬ ጮህኩላት። አላመነችኝም፤ ጠርሙሷን አንሥታ ጠጣች፣ አፏን በክንዷ ጠረገች፣ ራሷ አንገቷን አዘንብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መሰላሉ ወደ ቀጣዩ ፊደል እንዲሄድላት በብሩሹ አመለከተች። አባባ የመሰላሉን አንዱን እግር ያዙ፤ ሌላኛውን ለመያዝ መንገዱን እየሮጥኩ ተሻገርኩ።